የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ ከበደኝ፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቬክተር (መጠንም አቅጣጫም ያለው ልኬት) ከጀመርን ወዲህ ፊዚክስ አልገባ ብሎኛል። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲሠራው ይገባኛል፣ ቤት ገብቼ ደብተሬን ስከፍት ግን ባዶ ነኝ። ክፍላችን ብዙ ተማሪ ስላለው እጄን ማውጣት ያሳፍረኛል። ለአስጠኚ የሚከፈል ብርም የለንም።

መልስ 1፦ አይዞህ ወንድሜ። እኔን ያስቸገረኝ ፊዚክሱ ሳይሆን ትሪጎኖሜትሪው (የሦስት ማዕዘን ጎኖችና ማዕዘኖች ሒሳብ) ነበር። አንድ ቅዳሜ ተቀምጠህ ሳይንና ኮሳይንን ከልስ። ለምሳሌ 10 ኒውተን ኃይል ከአግድም በላይ በ30 ዲግሪ ቢስብ፣ ወደ ላይ ያለው ድርሻ 10 ሲባዛ በሳይን 30 (0.5)፣ ማለትም 5 ኒውተን ነው። ሥዕሉን ሳትስል ፎርሙላ አትንካ።

መልስ 2፦ መምህሩን ከክፍል ሲወጣ ጠብቀው። ዝም ብለህ "አልገባኝም" አትበል። የሞከርከውን አሳየውና የቆምክበትን መስመር በጣትህ ጠቁመው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ነገ እሞክራለሁ።