የዶክትሬት ጥናቴ ፈቃድ ተመለሰብኝ፤ እስከ ዓርብ ምን ላስተካክል?

ርዕሰ መምህርት (ባሕር ዳር)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬን ሳልለቅ በርቀት የምማረው የትምህርት ሙያ ዶክትሬት፣ ማለትም የኢዲዲ ጥናቴ፣ ዛሬ ጠዋት ጥናቱን ከሚፈቅደው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ተመልሶብኛል። ጥናቱ ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ በምመራው ትምህርት ቤት ፖርትፎሊዮ (መምህሩ የሙያ ማሻሻያ ሥራውን የሚያጠራቅምበት ማኅደር) ከመሙላት አልፎ ለምን ክፍል ውስጥ እንደማይታይ የሚመረምር ነው። ኮሚቴው የጻፈልኝ የመምህራኑ ፈቃደኝነት በነጻነት መሰጠቱ አልተረጋገጠም የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። የትብብር ደብዳቤ አያይዣለሁ፤ መምህራኑም በሙሉ ፈርመዋል። ዓርብ ካላስገባሁ ለሚቀጥለው ዙር ይተላለፋል፤ እስከዚያ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ለክረምት ይዘጋል። እባካችሁ ድረሱልኝ።

የፔዳ ሰው፦ ከክልሉ ትምህርት ቢሮ ሌላ የትብብር ደብዳቤ ያጽፉና ያያይዙ። ከበላይ የመጣ ደብዳቤ ሲያዩ ያልፋሉ።

አንጋፋ መምህር፦ እህቴ፣ ኮሚቴው ለምን እንደጠነከረብሽ ለመረዳት ዲግሪው ለማን እንደታሰበ ማየት ይጠቅማል። ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ1920 የትምህርት ኮሌጁን ሲያቋቁም ኢዲዲን ለባለሙያዎች ብሎ ጀመረ፤ ሆኖም ዲግሪው እየዋለ እያደረ ከምርምር ዶክትሬቱ ከፒኤችዲ የማይለይ ሆነ፤ ሃርቫርድም ራሱ በኋላ በፒኤችዲ ተካው። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው፣ ዩኒቨርሲቲዎች ኢዲዲን ለማሻሻል የተባበሩበት የካርኔጊ ፕሮጀክት ግን ልዩነቱን መልሶ አጸና፤ የኢዲዲ ተማሪ የሚያጠናው በራሱ የሥራ ቦታ ያለውን ችግር ነው አለ። ስለዚህ አጥኚው አለቃም ሆኖ ይገኛል፤ ኮሚቴው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ጥያቄ አለኝ፦ ታዲያ ለምን የራስዎን ትምህርት ቤት ያጠናሉ? በሌላ ክፍለ ከተማ ቢያጠኑ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር።

ርዕሰ መምህርት፦ ችግሩን አይቼ የተነሣሁት እዚሁ ነው፤ ውጤቱንም የምሠራበት እዚሁ ነው። በሌላ ሰው ትምህርት ቤት የማሻሽለው ነገር የለኝም።

የፔዳ ሰው፦ የቢሮውን ደብዳቤ አይርሱ።

የክላስተር ሱፐርቫይዘር፦ ይህንኑ መንገድ አልፌበታለሁና ደብዳቤውን ለጊዜው ይተዉት። ደብዳቤ ትምህርት ቤቱ እንዲጠና ይፈቅዳል እንጂ በመምህሩ ፈንታ ፈቃደኝነት አይሰጥም። መምህራን በስብሰባ ላይ፣ የሥራ አፈጻጸማቸውን በምትሞላው ርዕሰ መምህርት ፊት ቅጹን እየተቀባበሉ ሲፈርሙ እምቢ የሚል አይገኝም፤ ኮሚቴው ‹‹በሙሉ ፈርመዋል›› የሚለውን ሲያነብ የጠረጠረው ይህንን ይመስለኛል። የኮሚቴው ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት የተሰበሰበ ፊርማም አይያዝልዎትም፤ ያንሡት።

በምትኩ የሚከተለውን ይጻፉ። የጥናቱን መግለጫ የሚያነብላቸውና ቅጹን የሚሰበስበው በእርስዎ ሥር የማይሠራ ሰው ይሁን። ሁሉም መምህር፣ የፈረመም ያልፈረመም፣ ቅጹን በታሸገ ፖስታ ይመልስ፤ ማን እምቢ እንዳለ እርስዎ አይወቁ። ቃለ መጠይቁንም ያው ሰው ያድርግ፤ ስም ተነቅሎ ጽሑፉ ብቻ ይድረስዎት። ጊዜውን በግልጽ ያስቀምጡ፦ የወሰነ ትምህርቱ የአፈጻጸም ውጤት ተሞልቶ፣ ተፈርሞ ከተዘጋ በኋላ መሆን አለበት። አንድ መምህር እስከ መቼ ድረስ የሰጠውን ቃል ከጥናቱ ማስወጣት እንደሚችልም ቀኑን ይጥቀሱ። ፖርትፎሊዮዎቹን ደግሞ ለሥራ ስለሚያዩዋቸው ብቻ ለጥናት መጠቀም አይችሉም፤ ለእነርሱ ለብቻው ፈቃድ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንን ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ስለ ራስዎ ሥልጣን አንድ ገጽ ይጻፉ። አለቃ መሆንዎን መደበቅ አይቻልም፤ እንዴት እንደሚይዙት ማሳየት ግን ይቻላል።

አንጋፋ መምህር፦ ትክክል ነው። አማካሪሽም ዛሬውኑ ያንብቡት።

ከዘጌ፦ እኔም በዚሁ ዲግሪ ላይ ነኝ። ትምህርት ቤታችን ትንሽ ናት፤ የፊዚክስ መምህር አንድ ነው። ስሙን ብተወው እንኳ ‹‹የፊዚክስ መምህሩ›› ስል አገር ያውቀዋል። ምን ይሻላል?

የክላስተር ሱፐርቫይዘር፦ ወንድሜ፣ የሚያስተምሩትን ትምህርት፣ ጾታና የአገልግሎት ዘመን አብረህ አትጻፍ፤ ‹‹አንድ የሳይንስ መምህር›› ይበቃል። የቦታውንም ስም በ‹‹ጣና ዳር›› ብቻ እለፈው። ይህም ሆኖ ባልደረቦቹ ሊለዩት እንደሚችሉ በስምምነት ቅጹ ላይ አስቀድመህ ንገረው፤ የማትችለውን ምስጢር ጠባቂነት ቃል አትግባለት።

ጥያቄ አለኝ፦ ርዕሰ መምህርት፣ ዓርብ ምን አሉዎት?