ለጀማሪ ልጆች የኋሊት መገልበጥ ይፈቀድ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ ለጀማሪ ተማሪዎች የጅምናስቲክ ውድድር ቢዘጋጅ፣ አየር ላይ የኋሊት መገልበጥ ይከልከል ወይስ ነጥብ ያሰጥ?

የአዘዞው አሰልጣኝ፦ ይከልከል። ወደ ፊት ሲንከባለል አገጩን ወደ ደረቱ የማይሰበስብ፣ ሲነሣም መሬቱን በእጁ የሚደገፍ ልጅ አየር ላይ ምን ይሠራል? ዳኛ የሚያየው የታጠፈ ጉልበት፣ የተከፈተ እግር፣ ያልተዘረጋ የእግር ጣት ነው።

ሰርከስ ያሳደገኝ፦ ጋሼ፣ በእርስዎ አነጋገር ፒያሳ ላይ ሕዝብ ያጨበጨበልን ሁሉ ከንቱ ነበርን ማለት ነው። ሮማንያዊቷ ጅምናስት ናዲያ ኮማነች እ.ኤ.አ. በ1976 ሞንትሪያል ኦሎምፒክ ላይ ከ10 10 ያገኘችበት የነጥብ አሠራር ተቀይሯል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ የእንቅስቃሴው አስቸጋሪነትና አፈጻጸሙ ለየብቻ ይመዘናሉ። ደፋሩም ዋጋውን ያገኛል።

የአዘዞው አሰልጣኝ፦ ደንቡን ከጠቀስክ አይቀር እስከ መጨረሻው ጥቀሰው እንጂ! ተጠቅልሎ የኋሊት መገልበጥ በትልልቆቹ የወለል ውድድር የሚያስገኘው 0.1 ነጥብ ነው። አፈጻጸሙ ደግሞ ከ10 እየተቀነሰ ይሄዳል፤ ትንሽ ስሕተት 0.1፣ መካከለኛ 0.3፣ ትልቅ 0.5፣ መውደቅ 1 ሙሉ ነጥብ። ልጁ ሲያርፍ አንድ ሰፊ እርምጃ ከተራመደ 0.3 ተቀነሰበት፤ ያተረፈውን ሦስት እጥፍ ከሰረ።

እናት ከማራኪ፦ እናንተ በነጥብ ትከራከራላችሁ። ፍራሽ አለ ወይ? ልጄ የሚማርበት ግቢ ሲሚንቶ ነው።

የስፖርት መምህር፦ ጭራሽ መከልከሉ አልተዋጠልኝም፤ ግን ቅድሚያ በእጅ መቆምን ያሳየን። ክንድ ከጆሮ ጋር ገጥሞ፣ ትከሻ ወደ ላይ ተገፍቶ፣ ከመዳፍ እስከ እግር ጣት አንድ ቀጥ ያለ መስመር። ወገቡ የጎበጠ ልጅ መቆም ሲያቅተው በእጁ መራመድ ይጀምራል። ተመልካች ለዚህ ያጨበጭባል፤ ዳኛ ግን ይቀንስበታል። በጎን መሽከርከርም እንደዚሁ ነው፤ እጅ፣ እጅ፣ እግር፣ እግር ተራ በተራ፣ በአንድ መስመር ላይ። የእኛ ልጆች ዳሌያቸውን ከእጃቸው በላይ ሳያደርሱ በጎን ይዞሩና ጨረስን ይላሉ።

ሰርከስ ያሳደገኝ፦ ያለ መገልበጥ ማን ልምምድ ይመጣል? በእጅ መቆም ብቻ ከተባለ ግማሹ በሳምንቱ የፋሲል ከነማ ተጫዋች ለመሆን ኳስ ሜዳ ይሄዳል።

የአዘዞው አሰልጣኝ፦ በልምምድ ላይ፣ ፍራሽ ተነጥፎ፣ ወገቡን የሚደግፈው ሰው ቆሞ ይገልበጥ፤ ማን ከለከለ? የተጠየቅነው ስለ ውድድር ነው።

እናት ከማራኪ፦ ደጋፊው ማን ነው? እኛ ጋር ያለው የስፖርት መምህር ለመላው ትምህርት ቤት አንድ ነው።