ድሬ ላይ የለካሁት የጎልፍ ምት ርቀት ሊንክስ (የባሕር ጠረፍ) ሜዳ ላይ ይሠራል?

የከዚራው፦
ሰላም የሰፈር ሰዎች። በሐምሌ ስኮትላንድ፣ ሴንት አንድሪውስ፣ ኦልድ ኮርስ በሚባለው የጎልፍ ሜዳ ላይ 18 ጉድጓድ ልንጫወት ነው። ድሬ ላይ በ7 አይረን (7 ቁጥር የብረት ክለብ) 140 ሜትር እመታለሁ። እዚያስ ይኼ ይሠራል? ከባንከሩስ (ከአሸዋ ጉድጓዱ) እንዴት ነው የሚወጣው?

ጀጎል፦
አቦ፣ ያንን 140 እርሳው። ድሬ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷን ብዙ አይዛትም። ባሕር ጠረፍ ላይ ያው ምት ከ4 እስከ 5 በመቶ ያጥራል፤ 133 ወይም 134 በለው። ብርዱም ጥቂት ሜትር ይበላብሃል።

ዋናው ግን ንፋሱ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ከፊት ከነፈሰ በግምት 20 በመቶ ጨምር፤ 110 ሜትር ላይ ያለው ባንዲራ 130 ሆኖ ይቆጠራል። ከኋላ ሲነፍስ የምታተርፈው የዚህን ግማሽ ነው። ሰው የሚበላሸው ንፋስ ሲያይ በኃይል ሲመታ ነው፤ ኃይል በጨመርክ ቁጥር ኳሷ ይበልጥ ወደ ኋላ ትሾራለች፣ ሽቅብ ትወጣና እዚያው አየር ላይ ትቀራለች። በ7 ሙሉ ምት ከመምታት ርቆ የሚመታውን 5 አይረን ያዝ፣ እጀታውን 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርገህ ጨብጥ፣ ኳሷን ከመሃል ትንሽ ወደ ቀኝ እግርህ አስጠጋ፣ ሦስት አራተኛ ብቻ ወዝውዝ።

ሳቢያን፦
ጀጎል መሬቱን ዘለለው። ሊንክስ አሸዋ ላይ የበቀለ አጭር ሣር ነው፤ ውሃ ስለማይቋጥር ይጠጥራል። ግሪን (ጉድጓዱ ያለበት አጭር የተቆረጠ ሣር) ላይ በቀጥታ የጣልካት ኳስ ነጥራ ታልፋለች፤ 10 ወይም 15 ሜትር ቀድመህ ጣላትና ተንከባልላ ትግባ። ከ30 ሜትር ወዲህ ከሆንክ ዌጁን (ኳስ ሽቅብ የሚያነሣውን ክለብ) ተወውና በ8 አይረን ወይም በፓተር (ኳስ በመሬት መግፊያው ክለብ) ግፋት። ለዚህ ልምምድ የድሬ ደረቅ መሬት ከለምለም ሣር ይሻላል። ዌጅ የግድ ከሆነ ባውንሱ (የክለቡ ታች የሚያብጥበት ማዕዘን) ከ4 እስከ 8 ዲግሪ ይሁን፤ 12 የሆነው ጠጣር መሬት ላይ ይነጥርና የኳሷን ወገብ ይመታል።

ባንከሮቹ 112 ናቸው፤ የብዙዎቹ ግድግዳ የሣር ንጣፍ ተደራርቦ የተሠራ ነው። ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ተለማመድ፦ የክለቡን ፊት ክፈት፣ ከኳሷ 5 ሴንቲ ሜትር ኋላ አሸዋውን ቁረጥ። ግድግዳው ሥር ከተለጠፈች ግን ወደ ባንዲራው አትታገል፤ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ አውጣት። መውጫ ከጠፋ በ1 የቅጣት ምት እዚያው ባንከር ውስጥ ትጥላታለህ። በ2 ቅጣት ደግሞ ውጭ፣ ከባንዲራው በኳሷ በኩል በሚያልፈው መስመር ወደ ኋላ።

የከዚራው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጥንድ ግሪን የሚሉትስ?

ጀጎል፦
7ቱ ግሪኖች እያንዳንዳቸው ሁለት ጉድጓድ አላቸው፤ ቁጥራቸው ሲደመር 18 ይመጣል፦ 2ኛው ከ16ኛው፣ 5ኛው ከ13ኛው። እዚያ የመሄጃው (እንደ 2ኛውና 5ኛው) ባንዲራ ነጭ፣ የመመለሻው (እንደ 16ኛውና 13ኛው) ቀይ ነው። ቀለሙን ሳታይ ከመታህ በፓተር 50 ሜትር ስትገፋ ትውላለህ።

እሑድ ዝግ መሆኑን አትርሳ። በዕጣ ከሆነ የምትገቡት፣ ዕጣው ከጨዋታው 2 ቀን ቀድሞ ይወጣል፤ የሃንዲካፕ (የተጫዋች ደረጃ) ማስረጃ ያዝ። ጃንጥላውን ተወው፣ ንፋሱ ይገለብጠዋል፤ የዝናብ ጃኬትና ትርፍ ጓንት ይበቃል።