ለአሮጌ ላንድሮቨር ቲዩን አፕ (የሞተር ማስተካከያ)፦ ማን ጋ ልውሰደው? ምን ልግዛለት?

ሲሪስ 3 ላንድሮቨር የገዛ ወዳጅ ሁሉ አንድ ቀን ይደውልልኛል። "ሞተሩ ይንተፋተፋል፤ ካርቡራተር የት ነው የሚገኘው?" ይለኛል። እኔም "ካርቡራተሩን ለጊዜው እርሳው" እለዋለሁ። በዚህ መኪና ላይ የካርቡራተር የሚመስለው ችግር ብዙውን ጊዜ ከፑንቲና (የካንዴላ ብልጭታ እንዲነሳ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው መገናኛ)፣ ከኮንደንሰር (ፑንቲናው በብልጭታ እንዳይቃጠል የሚጠብቀው ትንሽ ዕቃ) ወይም ከቫልቮላ ክፍተት (በቫልቮላውና በሚገፋው ክንድ መካከል ካለው ትንሽ ርቀት) ነው የሚመጣው። የማወራው ስለ ባለአራት ሲሊንደሩ 2,286 ሲሲ የቤንዚን ሞተር ነው። ናፍጣ ያላችሁ መጨረሻ አካባቢ ስለ አየር ማጣሪያው የምለውን ብቻ ውሰዱ።

መጀመሪያ ማን ጋ ይሂድ?

ዘመናዊው ጋራዥ ሊፍት አለው፣ ወለሉ ያብረቀርቃል፣ ደረሰኝ ይሰጣል። ለፍሬንና ለጎማ እዚያ ብትወስዱት አልቃወምም። ለቲዩን አፕ ግን ይቅርባችሁ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ የለመዱት ግን ኮምፒውተር ሰክተው ማንበብ ነው። ይሄ መኪና ደግሞ መሰኪያ የለውም። እኔ መኪናውን እንደገዛሁ እንዲህ ያለ ቦታ ወስጄው ነበር። ካንዴላ ቀየሩ፣ ዘይት ቀየሩ፣ አጥበው አስረከቡኝ። የቫልቮላ ክዳኑን ግን ጨርሶ አልከፈቱትም፤ ዳዶዎቹ ላይ ያለው የድሮ ቀለም እንዳለ ነበር። ይባስ ብሎ በማግስቱ መኪናው ሥር ዘይት ተኝቶ አገኘሁ። የብዙዎቹ ሲሪስ 3 ዘይት ፊልትሮ በብረት ጣሳ ውስጥ የሚገባ ወረቀት ነው፤ ከላዩ ባለው ጎድጓዳ መስመር ውስጥ የጎማ ቀለበት ይቀመጣል። አሮጌውን ቀለበት ሳያወጡ አዲሱን ደርበውበት ኖሯል። እናንተም ፊልትሮ ስታስቀይሩ አሮጌውን ቀለበት በእጃችሁ ተቀበሉ።

ሁሉን የሚሠራው ተራ ጋራዥ ከዚህ ይሻላል። ፑንቲና ምን እንደሆነ ያውቃል፣ ዕቃ ፈትቶ ለመግጠም አይፈራም። ችግሩ "በጆሮዬ አስተካክለዋለሁ" ማለቱ ነው። ጆሮ ለሚኒሞ ይሆን ይሆናል፤ ለሩብ ሚሊ ሜትር ግን አይሆንም።

የእኔ ምርጫ አሮጌ መኪና ላይ ያረጀው መካኒክ ነው። ጋራዡ ጠባብ ቢሆን፣ ወረፋው ቢረዝም ግድ የለም። ግን ሽበት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ቁልፉን ከመስጠታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁት። "ጋሼ፣ የዚህ ቫልቮላ ክፍተት ስንት ነው?" በሉት። ለማስገቢያውም ለማስወጫውም 0.25 ሚሊ ሜትር ካለ ያውቀዋል። ብዙ ሞተሮች ላይ የማስወጫው ስለሚሰፋ፣ ሁለት የተለያየ ቁጥር የሚነግራችሁ ሰው ሌላ መኪና እያሰበ ነው። ቀጥሎ "ፑንቲናውን ነው ወይስ ታይሚንጉን (ብልጭታው የሚነሳበትን ጊዜ) የምታስቀድመው?" በሉት። ትክክለኛው መልስ ፑንቲናው ነው። የፑንቲናው ክፍተት ሲሰፋ ቶሎ ስለሚከፈት ብልጭታው ይቀድማል፤ ሲጠብ ይዘገያል። ስለዚህ ታይሚንግ አስተካክሎ ፑንቲና የሚነካ ሰው የሠራውን መልሶ አፈረሰው ማለት ነው። ገና ቦኔት ሲከፈት ካቻቢቴ ይዞ ወደ ካርቡራተሩ ብሎን የሚሮጥ ካጋጠማችሁ ግን አመስግናችሁ ውጡ።

ራሴ ልሥራው ለሚልም አይከብድም። ፊለር ጌጅ የሚባሉት ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ የታይሚንግ መብራትና ማኑዋሉ ይበቃሉ። ቫልቮላው ደግሞ ደስ የሚል ዘዴ አለው። ከፊት ጀምራችሁ ስምንቱን ቫልቮላዎች ቁጠሩ። ካንዴላዎቹን አውጡና ሞተሩን በማኖቬላ (በእጅ ማዞሪያው ብረት) አዙሩ። ስምንተኛው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት አንደኛውን ትለካላችሁ። ስድስተኛው ሲከፈት ሦስተኛውን፣ ሰባተኛው ሲከፈት ሁለተኛውን። ምንጊዜም ድምሩ ዘጠኝ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ቫልቮላ ለማስተካከል ለማንም ከፍዬ አላውቅም። ክፍተቱ ውስጥ የገባው የ0.25 ቅጠል ሲሳብ ትንሽ ያዝ ሊያደርግ ይገባል፤ እንዲሁ ከተንሸራተተ ሰፍቷል። ጨርሶ አልገባም ካለ የባሰ ነው፤ ጠቦ የሚሠራ ቫልቮላ በደንብ ሳይዘጋ ቀርቶ ይቃጠላል። የሚንኳኳ ቫልቮላ ቢያንስ ይናገራል፤ የጠበበው ዝም ብሎ ነው የሚጎዳው።

አሁን ወደ ዕቃ እንምጣ። ፑንቲና ወይስ እሱን የሚተካው ኤሌክትሮኒክ? የሚያከራክረው ይሄ ነው። ኤሌክትሮኒኩ አያልቅም፣ ክፍተት አይፈልግም፣ ጠዋት ሞተሩ ቶሎ ይነሳል። ግን ሲሞት ድንገት ነው፣ መንገድ ላይም አይጠገንም። አንዳንዱ ደግሞ ሞተር ጠፍቶ ቁልፉ ተከፍቶ ከቆየ ይቃጠላል። ፑንቲና እየደከመ ይነግራችኋል፤ በጥፍር ሞረድ ተጠርጎ፣ ክፍተቱ በታጠፈ ወረቀት ተለክቶ ቤት ያደርሳል። ከተማ ውስጥ ብቻ የምትነዱ ከሆነ ኤሌክትሮኒኩን ግዙ። ዳገትና በረሃ የምትወጡ ከሆነ ፑንቲና ይሁን። ኤሌክትሮኒክ ከገጠማችሁም የድሮውን ፑንቲና ከነሳህኑ መኪናው ውስጥ አስቀምጡት። መኪናችሁ ከሲሪስ 3 የቀደመ ከሆነ የባትሪው የቱ ጫፍ ቦዲ ላይ እንደታሰረ ሳታዩ አትግዙ፤ በቀደሙት ላይ ፖዘቲቩ ቦዲ ላይ የታሰረባቸው አሉ።

ኮንደንሰር ላይ አጥብቄ የምለው አለ። መኪናው ላይ ያለው የሚሠራ ከሆነ "አዲስ ይሻላል" ብላችሁ አትጣሉት። አሁን ከሚሸጡት ውስጥ በጥቂት ቀን የሚሞቱ አሉ። ፑንቲናው ጫፍ ላይ ከባድ ብልጭታ ካያችሁና ቶሎ ቶሎ ከተቃጠለ መጀመሪያ ኮንደንሰሩን ጠርጥሩ። ሮተር (ብልጭታውን በየተራ ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ተሽከርካሪ ዕቃ) ስትገዙም ገልብጣችሁ እዩት። መዳቡ በሪቬት የተመታው፣ ሪቬቱ ወደ ዘንጉ በጣም ስለሚጠጋ፣ ብልጭታውን ወደ ዘንጉ ያፈሳል። ሪቬት የሌለውን ፈልጉ፤ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ካንዴላ ላይ ሻጭ "ያው ነው" ይላችኋል። ያው አይደለም። የሙቀት ቁጥሩ እንደ አምራቹ ይገለበጣል። ኤንጂኬ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ቀዝቃዛ ይሆናል፤ ቻምፒዮንና ቦሽ ላይ ሲጨምር ይሞቃል። ቁጥር አይታችሁ ከአንዱ ወደ ሌላው ከዘለላችሁ ሞተሩን ወይ በጥቀርሻ ትሞላላችሁ ወይ ታቃጥላላችሁ። የማመሳከሪያ ሠንጠረዥ የሌለው ሱቅ ከሆነ የድሮውን ዓይነት ግዙ። ክፍተቱን 0.75 እስከ 0.80 አድርጉት።

ቦቢና (ለካንዴላ ብልጭታ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጨው ዕቃ) ከቀየራችሁ ኦሙን አስለኩ። ወደ 3 ኦም የሚጠጋው ያለ ሬዚስተር ይሠራል። 1.5 የሚያሳየው ሬዚስተር ይፈልጋል፤ ያለሱ ከታሰረ ፑንቲናውን ይበላል።

ዘይት ላይ ብዙ አልልም። 20 ደብልዩ 50 ተራ ማዕድን ዘይት ይበቃዋል። "ዚንክ የበዛበት ካልሆነ ካምሻፍቱ ያልቃል" የሚለው ወሬ እውነትነት ያለው ታፔቱ (ካምሻፍቱ የሚገፋው፣ ቫልቮላውን የሚያስከፍተው ዕቃ) ጠፍጣፋ ለሆነ ሞተር ነው። የእኛ 2,286 ሲሲ (2.25 የሚባለው) ሞተር ታፔት ግን ሮለር አለው። ውድ ዘይት ከምትገዙ ርካሹን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፤ እኔ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ።

አየር ማጣሪያው ዘይት የሚጠራቀምበት ጣሳ ነው። ወረቀት ፊልትሮ ደቃቅ አቧራን የበለጠ ይይዛል፣ ግን መግዛት አያልቅም። ጣሳው ታጥቦ ንጹሕ ዘይት እስከ ምልክቱ ብቻ ከተሞላ ልጆቻችሁም ይጠቀሙበታል። አቧራማ መንገድ በዋላችሁ ቁጥር ክፈቱት።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ አሁንም ከተንተፋተፈና ጥቁር ጭስ ካለው፣ በቃ ካርቡራተሩ ነው። ያኔም ዜኒት የተባለውን ካርቡራተር ጥላችሁ ሌላ ዓይነት፣ ዌበር የሚባለውን፣ ለመግጠም አትቸኩሉ። ዌበሩ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ቶሎም ይስተካከላል፤ ዳገት ላይ ግን ጉልበቱ ሲቀንስ ይታወቃችኋል። የዜኒቱ የታወቀ በሽታ የላይኛው ክዳን መጣመም ነው። ክዳኑ ሲጣመም ቤንዚን በማይገባበት በኩል ይገባል። ወፍራም መስታወት ላይ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ዘርጉ፣ ክዳኑን እስኪስተካከል ድረስ እሽት እሽት አድርጉት፣ ትንሿን የጎማ ቀለበት ቀይሩና መልሳችሁ ግጠሙት። የእኔ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው የፈጀብኝ፤ ላስቀይረው ያዘዝኩትን አዲሱን ካርቡራተር ከነካርቶኑ መለስኩት።