ጥቆማ ፈለግሁ፦ ለእናቴ የትኛው የሚዋጥ ካሜራ ይሻላል?

የእናቷ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 67 ዓመቷ ነው። የደም ማነስ ከያዛት ዓመት አልፏታል፤ የብረት እንክብል ስትወስድ ደሟ ከፍ ይላል፣ ስታቆም ተመልሶ ይወርዳል። በአፍ በኩል በገባው የጨጓራ ኢንዶስኮፒም ሆነ በትልቁ አንጀት ምርመራ የሚደማ ነገር ስላልተገኘ፣ ሐኪሟ «እንግዲህ ያላየነው ትንሹን አንጀት ነው» ብለው የሚዋጥ ካሜራ አዘዙላት። ምርመራውን የሚሰጡ ሁለት ቦታዎች አግኝቻለሁ። አንደኛው ምስሉን ወገብ ላይ ወደሚታሰር መቅጃ በሬዲዮ የሚልከውን ፒልካምን ይጠቀማል፤ ሁለተኛው ደግሞ ምስሉን ወደ ውጭ ሳይልክ በውስጡ ይዞ የሚቆየውን ካፕሶካምን። እናቴ ከጉልበት ሕመም በቀር ሌላ በሽታ የለባትም፤ ለጉልበቷም ማስታገሻ መውሰድ ከጀመረች ዓመታት ተቆጥረዋል። ሁለቱን የሚያውቅ ሰው ቢመክረኝ ውለታው አይረሳኝም።

የድሮ ደንበኛ፦
ፒልካም፤ ማመንታት አያስፈልግም። ይህን ምርመራ ለዓለም ያስተዋወቀው እሱ ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1981 የጠነሰሰው፣ ሚሳይል ዒላማውን የሚያይበትን ዓይን ሲሠራ የኖረው መሐንዲስ ጋቭሪኤል ኢዳን ነበር። ካሜራው፣ መብራቱ፣ ባትሪውና አስተላላፊው 11 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 26 ሚሊ ሜትር ርዝመት ባለው እንክብል ውስጥ ተጠቃለው በአሜሪካ ፈቃድ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ሌሎቹ ሁሉ ከእሱ ኋላ የመጡ ናቸው። እኔ ሁለት ጊዜ ውጬዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ በሁለተኛው ቀን ያለ አንዳች ችግር ወጥቷል።

ጨጓራዬ ያቆየው፦
ወንድሜ «ያለ አንዳች ችግር» ሲሉ ባነብ ዝም ማለት አቃተኝ። ለብዙ ዓመታት የስኳር ሕመምተኛ ነኝ። እንደታዘዝሁት ሌሊቱን ጾሜ፣ አንጀት የሚያጥበውን መድኃኒት እስከ ጠብታው ጠጥቼ፣ ጠዋት እንክብሉን ዋጥሁ። መቅጃውን ታጥቄ ስንጎራደድ ዋልሁና ማታ መለስሁ። ከሳምንት በኋላ ውጤት ልቀበል ስሄድ የተሰጠኝ ወረቀት «እንክብሉ በምዝገባው ጊዜ ሁሉ ከጨጓራ አልወጣም» ይል ነበር። ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ አንዱን የጨጓራ ግድግዳ ደጋግሞ ሲያነሳ ውሎ፣ ከትንሹ አንጀት አንድ ምስል እንኳ ሳያሳይ ጨረሰ። ክፍያውንም የመለሰልኝ የለም። የአምራቹንም ሆነ የቦታውን ስም አልጠራም፤ እህቴ ግን ይህ እንደሚደርስ አውቀው ይግቡ።

ቀጭን ጥያቄ፦
ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እንክብሉ ከጨጓራ ወጥቶ እንደሆነ በመሃል ያየ ሰው አልነበረም? የስኳር ሕመም ሲቆይ የጨጓራን እንቅስቃሴ እንደሚያዘገይ የታወቀ ነው። በሬዲዮ በሚልኩት መሣሪያዎች ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ በትንሽ ስክሪን ማየት ይቻላል። አሁንም ጨጓራ ውስጥ ከሆነ ጨጓራን የሚያነቃቃ መድኃኒት ይሰጣል፤ ያም ካልበጀ በኢንዶስኮፒ ገፍቶ ወደ ትንሹ አንጀት ማስገባት ይቻላል።

ጨጓራዬ ያቆየው፦
ማንም አላየም። ስኳር እንዳለብኝም የጠየቀኝ አልነበረም፤ የሞላሁት ቅጽ ግን ፋይሌ ውስጥ ነበር።

አዲስ ነገር ወዳድ፦
ለዚህማ መፍትሔው ከውጭ በማግኔት የሚመራው ነው። ናቪካም የተባለው እንክብል ውስጡ ማግኔት ስላለው፣ ሐኪሙ ጨጓራ ውስጥ ወደፈለገው አቅጣጫ ያዞረዋል፤ በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2020 ፈቃድ አግኝቷል። እህቴ፣ እናትዎን እሱን ቢያስውጧቸው ይሻላል።

ጥርሰ ሹል፦
ጠያቂዋ የእናቷ ጨጓራ ታይቶ ንጹሕ መሆኑን ገና ከመነሻው ጽፋለች። እኛ ደግሞ ያልታየውን ትተን የታየውን በማግኔት እያዞርን ድጋሚ እንድታሳይ እየመከርናት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው መካሪ ለትልቁ አንጀት የተሠራውን፣ ፊትና ኋላ ሁለት ካሜራ ያለውን እንክብል እንደሚያቀርብ አልጠራጠርም፤ እሱም ታይቷል።

ሦስተኛ አማራጭ፦
እኔ ደግሞ ሁለቱንም ትተው ሚሮካምን ቢፈልጉ እላለሁ። የደቡብ ኮሪያ ሥራ ነው። በሬዲዮ አይልክም፤ የሰውን ገላ ራሱን እንደ ሽቦ ተጠቅሞ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ቆዳ ላይ ወደተለጠፉት መቀበያዎች ያደርሳል። ለዚህም ጥቂት ኃይል ይበቃዋል። አባቴ የተመረመሩበት እሱ ነው፤ በጥሩ ሁኔታ አልቋል።

የድሮ ደንበኛ፦
እርስዎ የሚሉት እንክብል ገበያ ላይ ሲወጣ ፒልካም ስንት ሰው መርምሮ ነበር?

ማግኔት ያዥ፦
ጥያቄው ፒልካም ወይስ ካፕሶካም የሚል ስለሆነ ወደዚያ እንመለስ። ባለቤቴ የዋጠችው ካፕሶካም ነበር። አራቱ ካሜራዎች የተተከሉት በጎኑ ዙሪያ ስለሆነ፣ ወደፊት ሳይሆን በቀጥታ ወደ አንጀቱ ግድግዳ 360 ዲግሪ ያያል። ቀበቶም መቅጃም ስለሌለ ውጣ ወደ ቤቷ ተመለሰች። አስቸጋሪው የሚቀጥለው ነው፤ ምስሉ ያለው እንክብሉ ውስጥ ስለሆነ ከሰገራ ለይቶ አውጥቶ መመለስ የታካሚው ሥራ ነው። ለዚህም ሽንት ቤት ላይ የሚቀመጥ መቀበያና ጫፉ ላይ ማግኔት ያለው ዘንግ ይሰጣል። እንክብሉ አምልጦ በውኃ ከሄደ ምርመራውም አብሮ ሄደ ማለት ነው። እናትዎ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ይህን ማጎንበስ ማን እንደሚያደርግላቸው ከወዲሁ ይመካከሩ፤ ብዙ እናቶች ለልጃቸውም ቢሆን ይህን ሥራ አሳልፈው አይሰጡም።

ጥርሰ ሹል፦
ከዚህ ሁሉ ጥቆማ የመጀመሪያው ጠቃሚ መልስ የተገኘው ሽንት ቤት ደጃፍ ላይ መሆኑ ያሳዝናል።

ምስል አንባቢ፦
እህቴ፣ እነዚህን ምስሎች ማንበብ የዕለት ሥራዬ ስለሆነ ጥቂት ልጨምር። ሁሉም ያለፈው ቃል ግን እርስዎ ራስዎ የጻፉት ነው፤ እናትዎ ለዓመታት የጉልበት ማስታገሻ ወስደዋል። መድኃኒቱ ኢቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ ወይም የዚያ ወገን ከሆነ ነገሩ በሁለት በኩል ይመለከታችኋል። አንደኛ፣ እነዚህ መድኃኒቶች የሚያቆስሉት ጨጓራን ብቻ ሳይሆን ትንሹን አንጀትም ስለሆነ፣ የምትፈልጉት የደም ምንጭ እሱው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ቁስሉ እየዳነ ሲጠባብስ አንዳንድ ጊዜ አንጀቱ ውስጥ እንደ ቀለበት ያለ ስስ ጥበት ይተዋል። ጥበቱ ስስ በመሆኑ በሲቲ ስካን ሊሰወር ይችላል፤ ምግብ ስለሚያልፍበትም ሰውየው ላያውቀው ይችላል። እንክብሉ ግን አይፈርስም፤ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። ሁለት ሳምንት ካለፈው ተይዟል እንላለን። ብዙውን ጊዜ ሕመም አይሰማም፤ ሆኖም ለማውጣት ፊኛ ያለው ረጅም ኢንዶስኮፒ፣ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል።

ስለዚህ ከየትኛው አምራች በፊት ሐኪሙን የምትጠይቁት የሙከራ እንክብል ያስፈልጋት እንደሆነ ነው። መጠኑ ከእውነተኛው ጋር እኩል ነው፤ ካሜራ የለውም፤ የተሠራው ከወተት ስኳርና በራጅ ከሚታይ ባሪየም ነው። መንገዱ ክፍት ከሆነ ሳይፈርስ ይወጣል፤ ከተያዘ ደግሞ ከ30 ሰዓት ገደማ በኋላ መሟሟት ይጀምራል።

ስለ ሁለቱ መሣሪያዎች ከተነሳ፣ የሬዲዮው ጥቅም እንክብሉ የት እንደደረሰ በመሃል ማየት መቻሉ ነው፤ ስኳር ያለባቸው ወንድማችን የደረሰባቸውን የሚያስቀረው ይኼው ነው፣ የሚያይ ሰው ካለ። ካፕሶካም እስኪመለስ ድረስ ምንም አይናገርም፤ በአንጻሩ ባትሪው 15 ሰዓት ያህል ስለሚቆይ ለዘገምተኛ አንጀት ጊዜ ይሰጣል። ሁለቱም ናሙና መቁረጥም ሆነ የሚደማውን ማቆም አይችሉም። ቁስል ከተገኘ ሌላ ምርመራ መከተሉ አይቀርምና አንዱ ምርመራ ሁሉን ይጨርሳል ብላችሁ አትሂዱ።

እኔ ብሆን ግን የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ምስሉን የሚያነበው ማን ነው? ከአንድ ታካሚ 50,000 ያህል ምስል ይመጣል፤ የሚደማው ነጥብ የሚታየው ምናልባት በሁለቱ ወይም በሦስቱ ብቻ ነው። በችኮላ በፍጥነት አሳልፎ የሚያይ ሰው እጅ ከገባ የመሣሪያው ስም ምንም አያድንም። ሌላው፣ የብረት እንክብሉን ከምርመራው ጥቂት ቀናት በፊት እንድታቆም ሐኪሙ ይነግሯችኋል፤ አንጀቱን ስለሚያጠቁረው ደምን ከብረት መለየት ያስቸግረናል። እንክብሉ መውጣቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ደግሞ ኤምአርአይ ውስጥ አትግባ።

ሦስተኛ አማራጭ፦
አባቴ የሙከራ እንክብል ሳይውጡ ነው የተመረመሩት፤ ምንም አልሆኑም።

ምስል አንባቢ፦
እንኳን ደኅና ሆኑ። አብዛኛው ሰው ምንም አይሆንም፤ ለደም መፍሰስ ከሚመረመሩት መካከል የሚያዝባቸው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ያህል ናቸው። ጥያቄው እናቷ ከእነዚያ ወገን የምትሆንበት ምክንያት አለ ወይ ነው፤ ለዓመታት የተወሰደ ማስታገሻ ደግሞ አንዱ ምክንያት ነው።

የእናቷ ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን መድኃኒቶቿን ሳይ ዲክሎፌናክ አገኘሁ፤ አንዱ ሐኪም «በሽታ አለባት?» ሲሉኝ «የለባትም» ብዬ ነበር፤ መድኃኒት ትወስድ እንደሆነ ግን ማንም ሳይጠይቀኝ እኔም ሳልናገር ቀረ። ነገ ፋይሉን ይዤ ወደ ሐኪሟ ተመልሼ እሄዳለሁ። ስለ ማግኔቱ ዘንግ ለእናቴ ነግሬያት ነበር፤ ረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆይታ «ያንን የፈጠረው ሰው እናት የለውም?» አለችኝ። ማስታገሻውን በሌላ መለወጥ ያስፈልግ እንደሆነ ካወቅሁ በኋላ እመለሳለሁ።

የድሮ ደንበኛ፦
በርቱ እህቴ። ብቻ ፒልካም መሆኑን እንዳይረሱ።