ትልቅ ባህር ዛፍ የሚጥል የሞተር መጋዝ የቱ ነው?

ሰላም ወገኖች፣ ቸግሮኛል። አራት ኪሎ አያቴ ግቢ ሦስት ያረጁ ባህር ዛፎች አሉ። ትልቁን ሳቅፈው እጆቼ አይገናኙም! የመቁረጫ ፈቃዱን ይዣለሁ። የተዋስኩት 45 ሲሲ (የሞተሩ መጠን) የሞተር መጋዝ ግን ግንዱ መሃል ሲደርስ አጓርቶ ቀጥ ይላል። ሰንሰለቱን በሞረድ ስዬዋለሁ፤ ቤንዚንና ዘይቱንም 50 ለ 1 ነው የምቀላቅለው።

መርካቶ አንዱ ሻጭ "72 ሲሲውን ስቲል ውሰድ" አለኝ። ሌላው ደግሞ ከስቲል ብራንድ ይልቅ ሁስክቫርና የሚባለው ብራንድ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ዋጋቸው ደግሞ ራስ ያዞራል።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ጉልበት ያጣል። ታዲያ ካርቡሬተሩን (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀውን ክፍል) ማስተካከል ይበቃኛል ወይስ ትልቁን ልግዛ? ባሩስ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት) 50 ሳንቲሜትር ይሁን 63? አንደኛው ዛፍ ወደ ጎረቤት ቆርቆሮ ያዘነበለ ነው፤ እሱን ለባለሙያ ልተወው መሰለኝ።