ዛንዚባር ለጫጉላ፦ መቼ እንሂድ? የትኛው ባሕር ዳርቻ? ዋና ለማይችልስ?

ጥያቄ፦ ሙሽሪት

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ሠርጋችን ከዳግማዊ ትንሣኤ በኋላ፣ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው። ለጫጉላ ዛንዚባር አስበናል። ከቦሌ ቀጥታ በረራ አለ፤ መንገዱም ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ያለን ሰባት ቀን ነው። እጮኛዬ ዳይቪንግ (በአየር ታንክ ውሃ ሥር መጥለቅ) መሞከር ይፈልጋል። እኔ ዋና አልችልም፤ ላንጋኖ እንኳ ከወገብ በላይ ገብቼ አላውቅም። የምመኘው ጥርት ያለ ባሕርና ዛፍ የበዛበት ጸጥ ያለ ሎጅ ነው። አንዱ «ኑንግዊ ያዙ» ይለናል፣ ሌላው «ፓጄ»። ትኬቱን በዚህ ሳምንት ልንቆርጥ ስለሆነ የሄዳችሁ ሰዎች እባካችሁ ምከሩን።

መልስ፦ ኑሮ በዳር

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ትኬቱን ግን ገና አትቁረጪ። ሚያዝያና ግንቦት እዚያ ዋናው የዝናብ ወቅት ነው። «ማሲካ» ይሉታል። ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ እስከ ግንቦት ይዘልቃል። የኛ የሠርግ ወቅትና የነሱ ክረምት ተገጣጠመ ማለት ነው።

እኔ ዳሬሰላም ስኖር አምስት ዓመቴ ነው። በሚያዝያ ሁለት ጊዜ ተሻግሬ አይቼዋለሁ። ብርድ የለውም፤ ይወብቃል፣ ይዘንባል፣ ከዚያ ፀሐይ ብልጭ ይላል። አንዳንድ ቀን ግን ከጠዋት እስከ ማታ አያባራም። ባሕሩ ይደፈርሳል፣ ጀልባ ይቀራል፣ አንዳንድ ሎጆችም በራቸውን ዘግተው ጥገና ላይ ናቸው። ዋጋው ረከስ ይላል፣ እሱ እውነት ነው። ለመተኛትና ለማረፍ ብቻ ከሆነ ሂዱ። ለመጥለቅ ከሆነ ግን ገንዘባችሁ ያሳዝነኛል።

ለጥር ሙሽሮች ነው የተመቸው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደረቅ ነው። ሁለተኛው ደረቅ ወቅት ከሰኔ እስከ ጥቅምት ነው። ጫጉላውን ማዘግየት ከቻላችሁ ወደዚያ ግፉት።

መልስ፦ አስቱ

ስለ ዳርቻው እኔ ልንገርሽ። ኑንግዊና ፓጄ ሁለቱም ያምራሉ። ልዩነታቸው ውሃው የሚሸሽበት ርቀት ነው። እዚያ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ምሥራቁ በኩል፣ ማለትም ፓጄ፣ ጃምቢያኒና ማቴምዌ፣ በጣም ርቆ ይሄዳል። ማታ በረንዳሽ ሥር የነበረው ባሕር ጠዋት ስትነሺ የለም።

እኔ መጀመሪያ ደንግጬ ነበር፣ በኋላ ወደድኩት። ጃምቢያኒ ላይ ውሃው በሸሸበት አሸዋ ተከትዬ ሄድኩ። ሴቶች የባሕር አረም እርሻቸው ውስጥ ገብተዋል። እርሻው በአጫጭር እንጨቶች ላይ የተወጠረ ገመድ ነው። አረሙ በየስንዝሩ ይታሰርበታል። አንዷ እናት አስተሳሰሩን አሳየችኝ፤ እሷ አሥር ስታስር እኔ አንዱን አልጨረስኩም። ውሃው ቁርጭምጭሚታችን ላይ ሲደርስ «በቃ፣ ውጪ» አለችኝ በእጇ። ከመመለሱ በፊት መውጣት አለብሽ። ደግሞ ባዶ እግርሽን እንዳትሄጂ፤ የባሕር ጃርት አለ፣ እሾሁ እግር ውስጥ ይቀራል። የጎማ ጫማ ያዢ።

ሰሜኑ፣ ኑንግዊና ኬንድዋ፣ ውሃው ያን ያህል አይርቅም። በፈለግሽው ሰዓት ትገቢያለሽ። ግን ሰው ይበዛበታል፣ ማታም ሙዚቃ አለ። ጸጥታ ለምትፈልግ ሙሽራ ማቴምዌ ይሻላል እላለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ። ሰዓታቸው እንደኛ ነው! በስዋሂሊ «ሳ ታቱ» ማለት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፣ የኛው ሦስት። እኛን የጎዳን ጀልባ ነጂው በእንግሊዝኛ ሲናገር ነው። «ሦስት» አለን፣ እኛ እንደ ፈረንጅ ቆጥረን ከሰዓት ዘጠኝ ላይ ደረስን። ጀልባው ጠዋት ሄዷል። ቀጠሮ ስትይዙ «አሱቡሂ» ነው ወይስ ከሰዓት ብላችሁ ጠይቁ። አሱቡሂ ጠዋት ነው።

መልስ፦ ጠላቂው ከዱባይ

ለእጮኛሽ፦ ፈቃድ ሳይኖረው ከአስተማሪ ጋር የሙከራ ጥለቃ ማድረግ ይችላል። መጀመሪያ ገንዳ ወይም ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ይለማመዳል። ከዚያ እስከ 12 ሜትር ይወርዳል። ሙሉውን ኮርስ ከፈለገ ሦስት አራት ቀን ይወስዳል። 200 ሜትር ሳያቋርጥ መዋኘትና 10 ደቂቃ መንሳፈፍ ይጠበቅበታል። ሲጨርስ እስከ 18 ሜትር ይፈቀድለታል። ከጫጉላችሁ ግማሹን ስለሚበላ ሙከራው ይበቃችኋል።

የጤና ቅጽ ይሞላል። አስም፣ የልብ ወይም የጆሮ ችግር ካለበት አይደብቅ። ጉንፋን ከያዘውም ያን ቀን ይቅርበት፤ ጆሮው ግፊቱን ማመጣጠን አይችልም።

ይህን ደግሞ በደንብ ያዙልኝ። የመጨረሻው ቀን ላይ አይጥለቅ። አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተለያዩ ቀናት ደጋግሞ ከጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላ አውሮፕላን አይሳፈር። ውሃ ሥር ስትሆን ናይትሮጅን በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል። ቶሎ ወደ ከፍታ ከወጣህ አረፋ ይሆንና ይጎዳል። እኛ ደግሞ የምንወርደው ከ2,300 ሜትር በላይ ያለ ከተማ ላይ ነው። እኔ ሙሉ አንድ ቀን እተዋለሁ።

ለአንቺ፦ የሕይወት አድን ጃኬት አድርገሽ በማስክና በስኖርክል (በአፍ በሚያዝ የመተንፈሻ ቱቦ) የውሃውን ሥር ማየት ትችያለሽ። ከማቴምዌ ፊት ለፊት ምኔምባ አለ። ደሴቷ የግል ናት፣ አይወጣባትም፤ ኮራሉ (ድንጋይ መሰሉ የባሕር ፍጡር) ግን ዙሪያዋን ነው። በማለዳ ሂዱ፣ ረፋዱ ላይ ጀልባ ይበዛል። ኮራሉን አትርገጪው፣ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ዶልፊን እናሳድድ የሚል ካለም እምቢ በሉት። እንስሳቱ ከሞተር ሲሸሹ ማየት ልብ ይሰብራል።

ሙሽሪት

እግዚአብሔር ይስጣችሁ! ስለ ዝናቡ ማንም አልነገረንም ነበር። ሰኔ ላይ ግን የሐዋርያት ጾም አለ፤ ጫጉላን በጾም አናደርገውም። ከሐምሌ 5 በኋላ፣ ፍልሰታ ሳይገባ ብንሄድስ?

መልስ፦ ኑሮ በዳር

በጣም ጥሩ ነው። ሐምሌ ደረቅ ነው፣ ሙቀቱም ይቀላል። «ኩሲ» የሚሉት የደቡብ ነፋስ ስለሚነፍስ ፓጄ አካባቢ ባሕሩ ይታወካል፤ በነፋስ ሸራ እየተጎተቱ ውሃ ላይ የሚጋልቡት ይወዱታል። እናንተ ሰሜን ወይም ሰሜን ምሥራቅ ያዙ። ፈረንጁ የሚጎርፍበት ወር ነውና ሎጁን አሁኑኑ ያዙ። በሐምሌ አጋማሽ ገደማ ማኩንዱቺ መንደር የ«ምዋካ ኮግዋ» በዓል አለ። ወንዶች በሙዝ ግንድ ይመታታሉ፣ ያለፈው ዓመት ቂም በዚያው ይወጣል። ከገጠማችሁ እዩት።

መልስ፦ የጉሬዛ ወዳጅ

ዛፍ ላልሽው፣ ጆዛኒ ደን ግማሽ ቀን ስጪው። ከዛንዚባር ሌላ የትም የማይገኝ ቀይ ጉሬዛ አለ። የኛን ጥቁርና ነጭ ጉሬዛ ለሚያውቅ ሰው ደስ ይላል። ከሰል ሲበሉ ታያላችሁ፤ ከሚበሉት ቅጠል ውስጥ ያለውን መርዝ ያረክስላቸዋል። አትንኩ፣ አታብሉ።

ሎጁ ከምኞትሽ ጋር እንዲገጥም ከፈለግሽ ቹምቤ ደሴትን ጠይቂ። ሰባት ጎጆ ብቻ ነው ያለው። ውሃው ከጣሪያ የሚጠራቀም ዝናብ ነው። መጸዳጃው ውሃ አይጠቀምም። ኮራሉ የተጠበቀ ስለሆነ እንግዳ በታንክ መጥለቅ አይፈቀድለትም፣ በስኖርክል ብቻ። ማታ በፋኖስ ስትወጡ ኮኮናት የሚሰብር ትልቅ ሸርጣን ታያላችሁ። ርካሽ አይደለም፤ ሁለት ሌሊት ይበቃል።

መልስ፦ ሻንጣ

ቪዛውን ከኢሚግሬሽናቸው ድረ ገጽ ላይ አስቀድማችሁ ጨርሱ። የዋናው ታንዛኒያ ቪዛ ለዛንዚባርም ይሠራል። ከኢትዮጵያ ስለምትነሱ የቢጫ ወባ ካርድ ግድ ነው፤ ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ይቅደም። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ደግሞ የዛንዚባርን የጉዞ ኢንሹራንስ መግዛት ግዴታ ነው፣ ለአዋቂ 44 ዶላር። ሌላ ኢንሹራንስ ቢኖራችሁም ይጠየቃል።

ፌስታል የተከለከለ ነው። ጫማና በሶ በፌስታል ጠቅልላችሁ እንዳትሄዱ፣ የጨርቅ ከረጢት ያዙ። ከ2006 እ.ኤ.አ. በፊት የታተመ ዶላር አይቀበሉም፤ ኖቱ ላይ የታተመውን ዓመት እዩ። ስቶን ታውን (አሮጌው ከተማ) ስትዞሩ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፣ ሕዝቡ ሙስሊም ነው። አንቺ ነጠላሽን ያዢ።

ሙሽሪት

ወሰንን። ሐምሌ 7 እንነሳለን። ሁለት ሌሊት ቹምቤ፣ አራት ሌሊት ማቴምዌ። ጥለቃው በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ነው። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ረቡዕና ዓርብ ምን እንበላለን?

መልስ፦ አስቱ

ሞልቷል የኔ እህት። «ማሃራጌ» በይ፣ በኮኮናት ወተት የተሠራ የቦሎቄ ወጥ ነው። «ምቺቻ» በይ፣ ጎመን መሰል ቅጠል ነው። ሩዙም በኮኮናት ይቀቀላል። ወጥ ቤቱን ግን እንዲህ ብለሽ አረጋግጪ፦ «ቢላ ኛማ፣ ቢላ ማዚዋ፣ ቢላ ማያዪ፣ ቢላ ሲያጊ»። ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ቅቤ ማለት ነው።